በድጎማ ስብሰባ ላይ ያለቀስኩት ለቅሶ

ዛሬ በራሴ ላይ ያደረግሁትን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «ውሸት ነው» እል ነበር።

ሳቁ፣ አልከለክላችሁም። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለቤቴ ሙላት ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። የድንች ዘር አምራች ነበር። ማሳችን ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው ላይ ነው። እኔ እሱን ለማስታመም እንደመጣሁ ጎንደር ከተማ፣ ቁስቋም ሰፈር ልጄ ዘንድ ቀርቻለሁ።

መንግሥት ለዘር አምራቾች ድጎማ ይከፍላል። ክፍያው በሙላት ስም ነው የሚመጣው። ወደ እኔ ስም ለማዞር የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነበር! ካመለጠኝ ድጎማ የለም፤ ድጎማ ከሌለ ዘር አልገዛም፤ ማሳው ጦሙን ያድራል።

ሚስቱ መሆኔን፣ መሬቱንም እኔ እንደማሳርስ የሚናገሩ ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ለጎረቤቶቼ ደጋግሜ ደወልኩ። የአንዳቸውም ስልክ አይሠራም!

ያለ ምስክር በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ቀበሌው ግቢ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው?

ድንኳን!

ያውም የእድራችን ድንኳን። ጥጉ ላይ ያለችውን ሰማያዊ መጣፊያ አውቃታለሁ። ሙላት የሞተ ጊዜ ፊት ለፊቷ ነበር የተቀመጥኩት።

ሥሩ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሴቶቹ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገዋል። ጭጭ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

በቃ፣ ሰው ሞቷል! ያኔ እኔን ካስተዛዘኑኝ አንዱ ነው የሞተው። ታዲያ ዝም ብዬ ልገባ?

ጥቁር እንደሆነ ለብሻለሁ። የጎደለኝ እንባ ነበር፤ እሱም ሩቅ አይደለም። ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ። የሟቹን ስም ስለማላውቅ የራሴን ሟች ጠራሁ። ለቅሶ ላይ ማን የየራሱን አያለቅስም?

«ሙላቴ! ሙላቴ ጌታዬ! ለማን ትተኸኝ ሄድክ!»

በእኛ አገር ሴት ብቻዋን አታለቅስም። ሴቶቹ ተነሥተው ተቀበሉኝ። ወንዶቹ በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ማይክ የያዘው የግብርና ባለሙያ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሲወጣልኝ ተቀመጥኩና አጠገቤ ያለችውን ውዴ የምትባል ጎረቤቴን በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

«እህቴ፣ ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ኔትወርኩ ነው የሞተ። ለድጎማው ስብሰባ መጥተን እስኪመለስ ቁጭ ብለን ነው። ድንኳኑን ለፀሐዩ ብለው ከእድር ተውሰውት ነው። አንቺ ሙላትን ስትጠሪብን ጊዜ ሆዳችን ባባ እንጂ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!!

ከኋላ አንዱ፣ «እኔ እኮ ድጎማው ቀረ መስሎኝ ነው ያለቀስኩ» አለ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ኔትወርኩ ተመልሶ ተራዬ ሲደርስ ወጣቱ ባለሙያ፣ «እናቴ፣ ምስክር ይዘዋል?» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ «ተነሡና መስክሩልኝ» ለማለት አፍ ከየት ላምጣ?

የእድራችን ዳኛ አያ ጫኔ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ምነው ልጄ! ይህ ሁሉ ሰው በእንባ ሲመሰክር የት ነበርህ? ወይስ ድጋሚ እናልቅስልህ?»

«ኧረ ይበቃል አባቴ! ይበቃል!» አለ ልጁ። ምስክርነቱን ተቀበለ። ዘንድሮ ዘር ይገዛል፤ ማሳው ይታረሳል።

ከዚያ ያረጋግጡ ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። «አምራች» ከሚለው ቃል ፊት የሙላት ስም አለ። ዓይኔ እያየ አጠፋው። የእኔን ጻፈበት።

ያን ጊዜ እንባዬ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ።

«ደስ ብሏት ነው» አሉ ሴቶቹ። ማንም አልተነሣም። እንዲያውም ውዴ እልል አለችልኝ!

ስብሰባ ላይ ስገባ ሁሉም አለቀሰልኝ። ለቅሶዬ ሲመጣ ደግሞ «እንኳን ደስ አለሽ» ተባልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንባቸውን ቀድሜ ጨርሼባቸዋለሁ።

እስቲ ኮመንት ላይ ፍረዱኝ፦ ከእንግዲህ ድንኳን ሳይ መጀመሪያ ልጠይቅ ወይስ መጀመሪያ ላልቅስ?