ሙዚየም ውስጥ የተከተለን ዘበኛ

ሰው ፊት ለፊት ቢሰድበኝ መልስ አላጣም። ከኋላዬ እየተከተለ ሲጠረጥረኝ ግን ደሜ ይፈላል። እናንተስ? ሱቅ ገብታችሁ ሳሙና ስትመርጡ፣ አንዱ ሠራተኛ አጠገባችሁ ያለውን መደርደሪያ ካላስተካከልኩ ብሎ አያውቅም? አዎ፣ እሱን ነው የምላችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ ሚነርቫ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው፤ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሣውን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ባለፈው ሰመር ቫኬሽኔን አጠራቅሜ አማቴን እትዬ ከድጃንና ልጄን ሐያትን ይዤ ቱርክ ሄድኩ። የጥንት ነገር የምትወደው ሐያት ናት፤ በባሕሩ ጠረፍ ያለችውን የፍርስራሽ ከተማ የመረጠችልንም እሷው። መቼም ግሩም ነበር! ዓምዶቹ እስከ ውኃው አፋፍ ተደርድረዋል። እትዬ ከድጃ የወደቀ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው፣ «ይሄን ሁሉ ሠርተው የት ገቡ?» አሉ።

ከዚያ እዚያው ያለው ሙዚየም ገባን። ዘበኛው ገና ከበሩ ተከተለን። ቆም ስንል ይቆማል፣ ስንሄድ ይሄዳል። እዚያው ጎናችን አንዱ ፈረንጅ የሐውልቱን አፍንጫ እየደባበሰ ፎቶ ይነሳል፤ ማን ተናግሮት! እኛ፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን የምንሄደው፣ ተጠርጣሪ ሆንን። ሦስተኛው ክፍል ላይ አልቻልኩም። ዞር ብዬ በእንግሊዝኛ «የጠፋ ነገር አለ?» አልኩት። ፊቴን እንኳ አላየም፤ ያየው እጆቼን ነው።

ልጮህበት አፌን ስከፍት እትዬ ከድጃ ቀደሙኝ። ያን ድንጋይ የሚያህል ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ፈገግ እያሉ አሸከሙት። ሰውዬው ግራ ገባው፤ ግን ተቀበለ። ስልካቸውንም ሰጥተው ፎቶ እንዲያነሣን አደረጉት።

«እትዬ፣» አልኳቸው በንዴት እየተንተከተክሁ፣ «ሰውዬው እኮ አስጎብኚ አይደለም! ሌባ መስለነው ነው!»

«አጣሁት እንዴ? መከተሉ ካልቀረ ሥራ ይያዝ ብዬ ነው።»

እስከ መውጫው ድረስ ተሸክሞላቸው መጣ። እሳቸው መርቀው ተቀበሉት። እኔ አልመረቅኩም፤ እስካሁንም አልመርቀውም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በፈገግታ ማለፍ የሚችለው ስንት ጊዜ ቢደርስበት ነው? ይሄ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ታክሲ ውስጥ ሐያት በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ «ዳዲ፣ ሙዚየም ሁሉ እንደዚህ ነው?» አለችኝ።

«እንጃ ልጄ፣» አልኳት፣ «ገና አንድ ነው ያየነው።»