መፋቂያና ሽምግልና

ላም የላይኛው የፊት ጥርስ እንደሌላት ታውቃላችሁ? እኔ ይህን ያወቅሁት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ወተቷን ስጠጣ አንድ ቀን እንኳ አፏን ልብ ብዬ አላየሁም። ፈረስ ሲሆን ግን የሱሉልታ ሰው መጀመሪያ ከንፈሩን ገልብጦ ዕድሜውን ከጥርሱ ነው የሚያነበው። ጉደኛው ሰው ነው። በልጅነቱ የወለቀች ጥርሱን ጣሪያ ላይ ወርውሮ አዲስ ይጠብቃል፤ ካደገ በኋላ ስትወልቅ ይደብቃታል። የእኔም አንዷ የፊት ጥርስ የተተከለች ነበረች። ይህን ከሐኪሙና ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እስከ አንድ ቀን ድረስ።

ነገሩ የሆነው በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈትና ሁለት ቀን ይዘጋል። እኛ በምንኖርበት ቡራዩ የጎረቤታችን ልጅ ገመቹ ደግሞ የሱሉልታዋን ሌሊሴን ወዶ እንቅልፍ አጥቷል። የሌላ ሰው ሽማግሎች ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ይዘዋል ተባለ። ስለዚህ መንገዱ በተከፈተባት ቀን እኔና የሰፈራችን ሰው ኦቦ ቶላ ሽማግሌ ሆነን ሚኒባስ ተሳፈርን። ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ ኦቦ ቶላ ደግሞ ለልጅቷ አባት ስጦታ ብለው አንድ እቅፍ እርጥብ የወይራ ዘንግ ይዘዋል። መፋቂያ ነው። ከቆረጡት ይደርቃል ብለው ግን አንዱንም አልቆረጡትም፤ እያንዳንዱ ክንድ ያህላል። በዚያ ሰሞን በትር ይዞ መንገድ መውጣት ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

ፍተሻው ጋ አንድ ወጣት ወታደር እቅፉን አየና ሁላችንንም አስወረደን።

«መፋቂያ ነው ልጄ» አሉት ኦቦ ቶላ።

«እንዲህ የሚረዝም መፋቂያ አይቼ አላውቅም፤ እስቲ ፋቁበት።»

ኦቦ ቶላ ወደ እኔ ዞሩ። እንደ እሱ ነጭ ጥርስ ያለው ስለሌለ እሱ ያሳይህ አሉት። ወታደሩ ራሱ በሳንጃው ቆርጦ ሰጠኝ። የገመቹ ትዳር በአፌ ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት እምቢ ልበል? ጫፉን በኃይል ነከስኩት። ቀጭ አለ። ወይራው ግን አልተሰበረም። ጥርሴን በመዳፌ ደብቄ ኪሴ ከተትኳትና አፌን ዘግቼ በጭንቅላቴ «ይኸው» አልኩት። ወታደሩ አመነ። ለራሱና ለጓደኞቹ ወሰደ፤ ተሳፋሪውም ተሻማ። ሱሉልታ ስንደርስ በኦቦ ቶላ እጅ አንዲት ዘንግ ቀርታለች።

የልጅቷ አባት ኦቦ ዲንቃ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀበሉን። «አከም ጅርቱ» ብለው ሰላም ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም። እኔም ድዴ እንዳይታይ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩና ከውስጥ ሆኜ የመጣንበትን ተናገርኩ። «እናስብበት» አሉ። ለእሑዶቹ ሰዎች ቃል ሰጥተዋል ማለት ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ለገመቹ ምን ብዬ ልነግረው ነው?

ይሄኔ ዝም ማለት የማይሆንላቸው ኦቦ ቶላ ዘንጓን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። «ለጥርስዎ ይሁን» አሉ።

ኦቦ ዲንቃ ዘንጓን ተቀብለው አገላበጧት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ስደነግጥ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የሉም።

«ባለፈው ሳምንት ነው የወለቁት» አሉ። «ሽማግሎች እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው የተሸፈንኩት።»

እኔም ጋቢዬን አወረድኩና ጥርሴን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፈረስ ብንሆን ማንም አይገዛንም አሉ። ከዚያ ሌሊሴን ጠርተው ፈቃዷን ጠየቁ፤ ልጅቷ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ስለነበር መልሷ አልዘገየም። ያን ቀን ደስታዬ ከሙሽራው አያንስም ነበር።

ስንወጣ ኦቦ ዲንቃ ጥርሴን ከእጄ ተቀብለው ቆርቆሮው ላይ ወረወሯት። ጣሪያው ኳ አለ። «ምናልባት አዲስ ታበቅል ይሆናል» አሉኝ።

እስከ ዛሬ አልበቀለችልኝም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ሱሉልታ ተጠርተን ሄድን፤ በዚያው ጣሪያ ሥር የገመቹና የሌሊሴ ልጅ ጣቴን ነከሰችኝ። አንዲት ጥርስ አብቅላለች።