የኢንጂነር መልከጼዴቅ አሥራ አምስት ግራም

በየሰፈሩ አንድ ቀናሽ አለ። ያለቀለት ነገር ባየ ቁጥር ምኑ ቢወጣ እንደሚሻል የሚያሰላ፣ ሠርግ ተጠርቶ "ሚዜው በዛ" የሚል፣ ለቅሶ ተቀምጦ ድንኳኑን በዓይኑ የሚያሳጥር ሰው። የሌላ ሰፈር ቀናሽ ከወጥ ላይ ዘይት ይቀንሳል። የእኛው የቡራዩው፣ ክቡር ኢንጂነር መልከጼዴቅ ግን፣ ጠፈር ከሚሄድ መስታወት ላይ ግራም ይቀንሳል።

እሱ እንዳስረዳኝ ላስረዳ። ጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ፀሐይ ሲያገኘው ይሞቃል፣ ጥላ ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መሃል ትንሽ ይጣመምና ኮከቡ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሆን ተብሎ የሚታጠፍ ስስ መስታወት ይገባለታል። ከጀርባው የተደረደሩ ጥቃቅን ገፊዎች እዚህ ገፋ፣ እዚያ ሳብ እያደረጉ ምስሉን ያቃናሉ። መስታወቱ ከወፈረ ይከብዳል፣ እምቢ ብሎም አይታጠፍም። ከሳሳ ይሰነጠቃል። ኢንጂነር በወፍራምና በስስ መካከል ሦስት ዓመት ኖሯል፤ አድራሻው ግን ኦቦ ጂሬኛ ግቢ የተከራያት ሰርቪስ ቤት ናት።

"ይቀነሳል" ይላል ያየውን ሁሉ። የመጽሐፍ መደርደሪያዬን እንደ ማር እንጀራ በሳስቶ ግማሽ ክብደቱን ወሰደው። ይወድቃል ብዬ ስድስት ወር በጉጉት ጠበቅኩ። እስካሁን ቆሟል፤ ያናድዳል። አከራዩንም አልማረም።

"ኦቦ፣ የግቢዎ በር ዘጠኝ ኪሎ ትርፍ ብረት አለው።"

"ትርፉ ለሌባው ነው" አሉ ኦቦ ጂሬኛ።

እንግዲህ መስታወቱን የሚፈትነው ላቦራቶሪ፣ ከነክፈፉና ከነገፊዎቹ ከአራት መቶ ግራም ካለፈ አልቀበልም አለ። የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው። ሰኞ ካለፈ ሦስቱ ዓመትም አብሮ ያልፋል። የኢንጂነርን ሚዛን ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጥሎታል። የቀረው ቅመም ነጋዴው ከድሩ ጋ ያለው፣ ከአባቱ የወረሰው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነው።

"የከድሩ ሚዛን ባዶውን እንኳ ያጋድላል ይባላል" አልኩት። የሚለው እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።

"ወሬ አይመዘንም" አለኝ።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ከድሩ ቁንዶ በርበሬውን አንስቶ ሳህኑን ወለወለ። በአንዱ ሳህን መስታወቱ፣ በሌላው የመመዘኛ ብረቶቹ ተቀመጡ። ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት። ኢንጂነር ጥርሱ አልታየም፤ ፈገግታም ይቀንሳል።

ይኼኔ ጥግ ላይ ኮረሪማ የምትለቅመው የከድሩ ሚስት፣ ራቢአ፣ ቀና አለች።

"ከድሩ፣ ምርቃቱን ነገርከው?"

ከድሩ ጣሪያውን አየ። ለካ ገዢው ሁሉ "መርቅልኝ" እያለ ሲጨቀጭቀው፣ ሰውየው ከብረቶቹ ሳህን ሥር አሥራ አምስት ግራም ቆርቆሮ ለጥፎ ኖሯል። ገዝቶ የሚሄደው ሁሉ ሳያውቀው ተመርቆለታል። ሚዛኑ ሲያጋድል የኖረው ለእኛ ነው።

"ታዲያ ለምን አትናገርም?" አልኩት።

"ከተናገርኩ በላዩ ሌላ ምርቃት ትጠይቁኛላችሁ።"

እውነቱ አራት መቶ አሥራ ሦስት ሆነ። ኢንጂነር ጆንያ ላይ ተቀመጠ። "ከመስታወቱ ከነካሁ ይሰነጠቃል። ከክፈፉም አይቀነስም።" አይቀነስም ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

መስታወቱን በጥንቃቄ አንስቼ ጀርባውን አየሁ። ክፈፉ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረች ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አለች። ስም ተቀርጾባታል፦ ጂሬኛ፣ ከድሩ፣ ራቢአ። መጨረሻ ላይ የእኔ።

"ይቺስ ምን ትሠራለች?"

"ምንም።"

"ስንት ግራም ናት?"

"አሥራ አምስት። እሷ አትቀነስም።"

"ትቀነሳለች" አልኩና ከድሩን መፍቻ ጠየቅኩት። ኢንጂነር ብሎኑ እስኪወጣ ድረስ ፊቱን ወደ ኮረሪማው አዙሮ ተቀመጠ።

ሰኞ ላቦራቶሪው መስታወቱን ተቀበለ። ማክሰኞ ሰሌዳዋን ይዤ ከድሩ ሱቅ ሄድኩና በባዶው ሚዛን የዕቃ ሳህን ላይ አስቀመጥኳት። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ቆሙ።

"ምርቃት ናት" አለ ከድሩ። "ውሰዳት።"