የጨንቻ ሰው ለፖስት ዶክ ሲያመለክት

ዓሣ እየበሉ ስለ ሥራ ማውራት ደግ አይደለም፤ አጥንቱ ይረሳል። ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቁጭ ብዬ ስበላ የቀድሞ ተማሪዬ ሰናይት መጣችና፣ ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ፣ “መምህር፣ ፖስት ዶክ እንዴት ነው የሚገኘው?” አለችኝ። ዶክትሬቷን ልትጨርስ ነው፤ እንደኔው የኤም አር አይ ምስል ላይ ነው የምትሠራው። ጉርሻዬን ዋጥኩና ሳቅሁ። ወዲያው ብሩክ ትዝ አለኝ።

እኔና ብሩክ እዚሁ ከተማ ሴቻ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን የኖርንበት ጊዜ! ሁለታችንም የአንጎል ምስል አጥንተን ዶክተር ተብለናል፤ በሽተኛ ግን አክመን አናውቅም። (አከራያችን ይህን አልተቀበሉም፤ የሚያማቸውን ጉልበት ያሳዩን ነበር።) ከሥራ መልስ አንዲት ላፕቶፕ ላይ ተደፍተን የፖስት ዶክ ማስታወቂያ እናስሳለን። እሱ ሙዝ ይልጣል፣ እኔ አነባለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ እንጣላለን፤ ሲመጣ እንታረቃለን። እንዴት ደስ የሚል ችግር ነበር!

ታዲያ አንድ ቀን ብርድ አገር ያለ ላቦራቶሪ ልክ የኛን ሙያ ፈለገ። ቦታው አንድ ነው። ሁለታችንም አመለከትን፣ ሁለታችንም ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። ወደ ትውልድ አገሬ ጨንቻ ወጥቼ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ሸማኔ ነው። ዶክተር ከሆንክ በኋላ ደግሞ ምን ቀረህ? አለኝ። ፖስት ዶክ ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ የጥቂት ዓመት የምርምር ሥራ ነው፤ ካላገኘሁት የጀመርኩት ነገር ሁሉ እዚህ ይቀራል፣ የምሠራበት ማሽን የለም፣ አልኩት። ገባው። ለብርዱ የሚሆን ወፍራም ጋቢ ጀመረልኝ።

አባቴ ገበያ ላይ የራሱን ሥራ አያመሰግንም፤ ነውር ነው። ገዢ ሲመጣ አጠገቡ ያለውን የጎረቤቱን ጋቢ ያሞግሳል። ጎረቤቱ ተቀብሎ የአባቴን ያሞግሳል። ገዢው ግራ ይጋባና ከሁለቱም ይገዛል። እኔ እዚያ መሐል ነው ያደግሁት።

የቃለ መጠይቁ ቀን ላቦራቶሪውን የሚመሩት ፕሮፌሰር በስክሪን ብቅ አሉ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። መጨረሻ ላይ፣ ከሌሎቹ አንተን ለምን እንምረጥ? አሉ። እኔ ሆዬ! ከኔ ቀጥሎ ብሩክ የሚባል ልጅ አለ፣ ሥራው ከኔ ይበልጣል፣ አልኳቸው። ከዚያ ፈገግ ብዬ ዝም። የቀረውን ብሩክ ገብቶ ይጨርሰዋላ!

ብሩክ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ገባና ስለ ብሩክ ተናገረ። ያልኩትን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

“አንተ ጤና የለህም? ማን አመስግነኝ አለህ?”

“አንተም እኔን ታመሰግናለህ ብዬ ነዋ!”

“እና ማን ነገረኝ?”

እውነቱን ነው። ማን ነገረው?

ቦታው ለብሩክ ሆነ። ከፋኝ፣ አልዋሽም። አባቴ ጋቢውንም ለእሱ ላከለት፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት ጋቢ አይፈልግም ብሎ። ብሩክ በረዶ ላይ ቆሞ፣ ጋቢውን ደርቦ ፎቶ ላከልን። አባቴ ስልኬን ተቀብሎ ብዙ አየና፣ “ጎረቤቴ ሠርቶት ቢሆን ከዚህም ያምር ነበር” አለ።

ያቺ ክፍል ከዚያ በኋላ ሰፋችብኝ። የቦታው ቁጭት እንኳ ወጥቶልኛል፤ ሙዝ የሚልጠው ልጅ ግን እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ሰናይት መልስ ትጠብቃለች። ራስሽን አመስግኚ፣ አትፈሪ፣ አልኳት። ይህንን ሁሉም ይላል መምህር፣ ሌላ ዘዴ የለም? አለች።

አለ፣ አልኳት። አንድ የጨንቻ ልጅ ፈልጊና አብራችሁ አመልክቱ። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን እሱ ይቅደም።