እናቴን በእንግሊዝኛ ገደልኳት

ከሰው ሁሉ መርጬ እናቴን ለምን ገደልኳት?

ይህን ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። እስከዚህች ሰዓት መልስ የለኝም።

ተረጋጉ፣ ፖሊስ አትጥሩ። የገደልኳት በወረቀት ላይ ነው። በእንግሊዝኛ። በአምስት ፓራግራፍ።

ለማታውቁኝ፦ የምኖረው አምቦ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኮሌጅ እማራለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። መጀመሪያ ቀን ክላስ ስገባ ልጆቹ አስተማሪ መስያቸው ከመቀመጫቸው ተነስተውልኛል። እኔም አላረምኳቸውም፤ ዝም ብዬ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ዝም ማለቴ ያኔ ምንም ጉዳት አላደረሰም። ከዚያ በኋላ ግን እዩት።

በዚህ ሴሚስተር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ አለብን። መጀመሪያ ፓራግራፍ፣ ከዚያ ኤሴይ። የሚያስተምሩን መምህር ገመቹ የሚባሉ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው።

የመጀመሪያው አሳይመንት ስለ ከተማችን አንድ ፓራግራፍ ነበር። ጻፍኩ። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት፣ የገበያ ቀኑ፣ መሥሪያ ቤቶቹ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል። ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። አንዲት ኮማ ቦታዋን አልሳተችም።

ከሥሩ በቀይ ተጽፎ ተመለሰልኝ፦ «ይህ ፓራግራፍ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ ነው።»

ሁለተኛው ላይ፦ «ሰው የታለ?»

ሦስተኛው ላይ አንድ ቃል ብቻ። «ፊሊንግ።» ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

እንግዲህ ፊሊንግ ከየት ላምጣ? እኔ በምሠራበት መደርደሪያ ላይ እንዲህ የሚባል ፋይል የለም።

ከዚያ ትልቁ ኤሴይ መጣ። «የማልረሳው ቀን።» ከሠላሳ የሚታረም፣ ከወደቅንበት ኮርሱን የሚያስደግም። የተሰጠን ናሙና አንድ ልጅ አባቱ ስለሞተበት ቀን የጻፈው ነበር። መምህሩ ሲያነቡልን ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ዘዴው የገባኝ መሰለኝ። ለካ ፊሊንግ ማለት ለቅሶ ነው!

አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ የማስታውሰው ዲቴል የለም። ስለዚህ እናቴ ሞተች።

ይህ መልስ አይደለም፤ አውቃለሁ። አክስት ነበረችኝ። ጎረቤት ነበረኝ። ላም መግደልም እችል ነበር።

መምህሩ ዲቴል ዲቴል ስለሚሉ ቀኑን ጻፍኩ፤ ያለፈው ወር። ሰዓቱን ጻፍኩ። በሽታዋን ደም ግፊት አልኩት። በመጨረሻ፣ ነፍሷ ከመውጣቷ በፊት እጄን ይዛ አንድ ነገር እንድትናገር አደረግኳት። ምን እንዳለች ቆይቼ እነግራችኋለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ግን የምሬን አልቅሻለሁ።

ሃያ ሰባት አገኘሁ።

ቅዳሜ ዕለት መምህር ገመቹ ኤሴዬን ከነስሜ ለክላሱ ሙሉውን አነበቡት። ሲጨርሱ፣ የክላሳችን ተጠሪ ኦቦ ቶሎሳ፣ ከጌዶ እየተመላለሱ የሚማሩ ትልቅ ሰው፣ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ፈጠራ ነው» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ሁለት ቃል። ግን ፈጠራ መሆኑ ከታወቀ ሃያ ሰባቱ ምን ይሆናል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

አንገቴን መድፋቴ ማረጋገጫ ሆነ። ባለፈው ወር ደግሞ በንብረት ቆጠራ ምክንያት ሁለት እሁድ ቀርቼ ነበር። ሰዎቹ ቀኑን ከቀኑ አገናኙ። ለካ እናቷን ቀብራ ነው የቀረችው፤ ለካ ለቅሶ ሳንደርስላት ቀርተናል።

በማግስቱ እሁድ፣ ክላስ ከመጀመሩ በፊት፣ በማለዳ ቤቴ መጡ።

አምስት ሆነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አንዷ በሳፋ ንፍሮ ይዛ።

የግቢውን በር የከፈተችላቸው ሟቿ ናት።

እዚህ ላይ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እኔ ብሆንም እስቅ ነበር። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ በሱዳን በኩል ከአገር ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ድምፁን ከሰማን አንድ ዓመት አልፎናል። እማዬ በየቀኑ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ፣ ከመቀነቷ ሥር ይዛው ነው የምትውለው።

አሁን በእሷ ዓይን እዩት። ማለዳ በር ተንኳኳ። ከፈተች። የማታውቃቸው አምስት ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው፣ አንገት ደፍተው ቆመዋል። አንዳቸውም ደህና አደርሽ አይሏትም።

መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው።

«ኢልመ ኮ!» ብላ ጮኸች። «ልጄን!» እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

የጥርስ ብሩሼን በአፌ እንደያዝኩ ወጣሁ። አምስቱም አብረዋት እያለቀሱ ነው። ለማልቀስ ነበር የመጡት፣ አለቀሱ። እሷ ለልጇ፣ እነሱ ለእሷ።

ኦቦ ቶሎሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የእናትሽ እህት ናቸው?»

«አዎ» አልኩ።

ወደ እሷ ሮጥኩ። ግን ምን ብዬ ልጥራት? እማዬ ልላት አልችልም። እማዬ ሞታለች። ክላሱ በሙሉ ሰምቷል። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ «ደረጀ አይደለም፣ ደረጀ ምንም አልሆነም፤ ሰዎቹ ቤት ተሳስተው ነው» አልኳት።

አንድ ማለዳ፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ውሸት። እኔ በመሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ በማይሆን ፋይል ገባ ብዬ ሰው የምቆጣ ሰው ነኝ።

ሰዎቹ ትንሽ ተቀምጠው፣ በየተራ ስሜን እየጠሩ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለውኝ ሄዱ። ንፍሮውን ትተውልን።

እማዬ ሳፋውን ረጅም ጊዜ አየችው። ቤት የተሳሳተ ሰው የእኔን ስም ያውቃል? ንፍሮ ትቶ ይሄዳል?

በእኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ ይደበቃል። ዛሬ አቅም የላትም፣ በዓሉ ይለፍ፣ ዘመድ ይሰብሰብ እየተባለ ወር ይቆያል። ይህን እሷም ለስንቱ አድርጋዋለች። ስለዚህ «ደረጀ ምንም አልሆነም» ባልኩ ቁጥር መሞቱን እያረጋገጥኩላት ነበር።

ስልኳን ቻርጅ ማድረግ ተወች። እኔ እሰካዋለሁ፣ እሷ ትነቅለዋለች። አንድ ቀን «ለማን ብለሽ ነው?» አለችኝ።

ያኔም አልነገርኳትም።

ለምን? ያቺ ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኳችሁ ነገር ስላለች። ኤሴዩን ከነገርኳት «ምን ብዬ ሞትኩ?» ማለቷ አይቀርም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ደረጀ ከሌላ፣ አብሮን ካልኖረ አባት ተወለደ። እማዬ አንድ ቀን ጌዶ፣ አንድ ቀን አዲስ ዓለም ገበያ ትውላለች። ልጁን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ደብተሬ ተሰቀለ። ደረጀን አዝዬ በር ላይ ቆሜ የክፍሌ ልጆች ሲያልፉ አይ ነበር። ማታ ትምህርት የገባሁት ሃያ አምስት ካለፈኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገር እኔም እሷም አንድ ቀን አውርተን አናውቅም። አንድም ቀን።

በኤሴዩ ውስጥ ግን አወራች። «ከትምህርት ቤት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» ብላ ሞተች።

ትናንት አንድ የሰፈራችን ቄስ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «እናትሽ ሬሳው አገር ላልገባ ሰው ፍትሐት ይደረግ እንደሆነ ጠየቀችኝ» አሉ። «ምን ብዬ ልመልስላት፣ ልጄ?»

ዛሬ ነገርኳት።

ግቢ ውስጥ ምስር ትለቅማለች። ኤሴዩን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «የዚያን ቀን ሰዎቹ የመጡት ለደረጀ አይደለም» አልኳት።

«ተይው፣ ገብቶኛል።»

«አልገባሽም እማዬ። የሞትሽው አንቺ ነሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሁሉንም አወጣሁት። መምህሩን፣ ፊሊንጉን፣ ሃያ ሰባቱን፣ ኦቦ ቶሎሳን። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«በምንድን ነው የሞትኩት?»

«በደም ግፊት።»

«ደም ግፊት የለብኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔን እህቴ አደረግሽኝ?»

«አዎ።»

«ደረጀስ?» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ስለ ደረጀ የሰማሁት ነገር የለም። ክፉም ደግም። ይሄ እውነቴ ነው።»

ምስሩን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። በመስኮቱ አየኋት፤ ስልኩን ቻርጅ ሰካችው። ከእጇ እስክትለቀው ግን ጥቂት ቆየች። ተመልሳ ስትቀመጥ፣ ሆዷ ሲባባ ብቻ እንደምትለኝ «ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «አንብቢልኝ።»

ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ልዘለው አሰብኩ። ግን በሕይወቴ መስመር ዘልዬ አንብቤ አላውቅም። አነበብኩት።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ባጃጅ አለፈ። ሌላ ባጃጅ አለፈ።

«ይሄን ያልኩሽ ስሞት ነው?»

«አዎ።»

አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች። አላየችኝም።

«ሳልሞት ብልሽስ» አለች፣ «ማርክ ይቀንሱብሻል?»