ሊቀ መጋጠሚያ ገብረ ክርስቶስ

አገር ያለ ነቅናቂ አይኖርም። ሰው ሁሉ «ደህና ነው» ብሎ ያለፈውን ነገር ካልነቀነቀ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው ከየመንደሩ አይጠፋም። በርጩማ ሲሰጡት መጀመሪያ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ይቀመጣል።

ራቤል በምትባለው መንደር ይህ ማዕረግ የወይዘሮ እታገኝ ታናሽ ወንድም የገብረ ክርስቶስ ነበር። ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ሲያጋጥም ኖሮ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓ.ም. አገሩ ሲገባ የእኅቱን በር፣ የጎረቤቱን ሞፈር፣ የሰውን ትዳር ሳይቀር ነቀነቀ። ጣቱን ቀስሮ «ይላወሳል!» ይላል። የሚያናድደው፣ እውነትም ይላወሳል። ሰዉም «ሊቀ መጋጠሚያ» ብሎ ሾመው።

ስለ ባቡር ሲያወራ ግን የሚያምነው አልነበረም። ጎረቤቱ ወዳጆማ «ቤት የሚያህል ነገር በሁለት ቀጭን ብረት ላይ ሮጦ አይወድቅም? እታገኝ፣ የወንድምሽን ቅጥፈት ገበያ አውጪው፣ ገዢ አያጣም» ይላታል። ገብረ ክርስቶስ መረረው። «እትዬ፣ ዛሬም ከሳቁብኝ ተመልሼ እሄዳለሁ» አላት፣ የግንቦት ማርያም ማኅበር በቤቷ የዋለ ቀን።

ከድሬዳዋ ይዞት ከመጣው ሣጥን የአሻንጉሊት ባቡር አወጣ፤ ቁልፉ ሲጠመዘዝ የሚሄድ፣ ከነሐዲዱ። እታገኝ ምርጡን የበግ ጠጉር ምንጣፏን፣ ዝተቷን አነጠፈችለት። ባቡርም ቢሆን፣ የከበረ እንግዳ ባዶ መሬት ላይ አይቀመጥማ!

«ይሄ ወንዴው ነው፣ ይሄ ሴቴው» እያለ የአንዱን ሐዲድ ሹል በሌላው ቀዳዳ አስገባ። የሰፋውን ቀዳዳ በፒንሳ ቆንጠጥ አደረገው። እያንዳንዱን ነቀነቀ።

«ሽማግሌ እንላክላቸው እንዴ?» አለ ወዳጆ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ባቡሩ ተነሣ፤ መታጠፊያው ላይ ደርሶ በጎኑ ተኛ። መልሶ ቢያስነሣው እዚያው ወደቀ።

«አላልኳችሁም?» አለ ወዳጆ።

ገብረ ክርስቶስ በደረቱ ተኝቶ ሐዲዱን በጣቱ ተጫነው። ሐዲዱ ሱፉ ውስጥ ሰመጠ፣ መጋጠሚያውም አፉን ከፈተ። ቀና ብሎ እኅቱን አየ። ያ አንደበቱ የማያርፍ ሰው፣ በማኅበርተኛ ፊት የእኅቱን ዝተት «አንሺው» ማለት አቃተው።

እታገኝ ገባት። «ተነሡልኝ እስቲ!» አለች። የማኅበሩ ካህን አባ ወልደ አማኑኤል ሳይቀሩ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ዝተቱን ጎትታ ደጅ ጣለችው።

«ኧረ እንግዳውን መሬት ላይ!» ብላ አንዷ አፏን ያዘች።

ሐዲዱ በእበት ተለቅልቆ በደረቀው ወለል ላይ ዳግም ተጋጠመ። ቁልፉ ተጠመዘዘ። ባቡሩ መታጠፊያውን አለፈ፤ ዞረ፣ ደገመ። በመጋጠሚያው ባለፈ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል እንጂ ዝንፍ የለም። ጠላ ያነሣ እጅ አየር ላይ ቀረ። አባ «ዕፁብ ድንቅ!» አሉ በሹክሹክታ፣ ቤተ መቅደስ እንደገቡ ሁሉ። ወዳጆ ከመደቡ ተንሸራትቶ መሬት ላይ በሆዱ ተዘረጋ።

«ገብሬ፣ ወንድሜ... ትልቁም እንዲሁ ነው?»

ገብረ ክርስቶስ አልሰማውም። ሰው ሁሉ ባቡሩን ሲያይ እሱ መጋጠሚያዎቹን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እታገኝ ደግሞ እሱን ታያለች። ድንገት የወዳጆ እግር ወደ ሐዲዱ ሲጠጋ አየችና ቤቱን በጩኸት አናወጠችው፦

«አንተ ወዳጆ! እግርህን ሰብስብ፣ መጋጠሚያውን ታላቅቅብናለህ!»