የሊቀ ማንኪያ ጋሽ ቸሩ አንድ ትሪ

ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ዓሣ ይዞ ይመለሳል። የዓሣ ማጥመድ ሊቅ ግን ባዶ እጁን፣ ከነሙሉ ማብራሪያው ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሊቅ የሌለበት መሥሪያ ቤት በአገራችን ይገኛል ብዬ አላምንም። የእኛው አሶሳ ላይ ናቸው፤ ክቡር ሊቀ ማንኪያ ጋሽ ቸሩ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ፣ የሥራ ባልደረባቸው ሰራዊት፣ ነኝ፤ እሳቸው ግን የሚያንሳቸው ይመስላቸዋል።

ማንኪያ ያልኩት ተራውን የሻይ ማንኪያ ነው። ጋሽ ቸሩ እጀታውን ይቆርጡትና ጎድጓዳውን ከሁለት ጫፍ ይበሱታል፤ ባንዱ በኩል ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ፣ በሌላው የናይለን ክር ያስራሉ። ውሃ ውስጥ ሲጎተት እየተወዛወዘ ያብረቀርቃል፤ ትልቁ ዓሣም ትንሽ ዓሣ መስሎት ይውጠዋል። ይውጠዋል ተብሎ ይታመናል። አርባ ያህሉን በሃላዋ ቆርቆሮ ይዘው ይዞራሉ፤ ነጭ አለ፣ ቢጫ አለ፣ በባለቤታቸው የጥፍር ቀለም የተቀባም አለ።

ዳቡስ ወንዝ ስንደርስ እኔ መንጠቆዬን ወርውሬ እቀመጣለሁ። እሳቸው መጀመሪያ ሰማዩን ያያሉ። ቀጥለው ውሃውን በመዳፋቸው ይዘግናሉ። «ሲጠራ ነጭ፣ ሲደፈርስ ቢጫ፣ ሲደምን ቀይ!» ብለው አንዱን ያስራሉ፤ ሁለቴ ይወረውራሉ፤ ይፈቱታል፤ ሌላ ያስራሉ። ቀኑ በቋጠሮ ያልቃል። ለምን እንደዚህ እንደሚደክሙ ከጠየቋቸው መልሱ አንድ ነው፦ «ዓሣ የሚራበው በዓይኑ ነው!»

አንድ ጊዜ ምግብ ቤት ገብተን ማንኪያቸውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙ አስተናጋጇ ደነገጠች።

«ቆሽሿል እንዴ ጋሼ?»

«የለም ልጄ፣ ወገቡን እያየሁ ነው።»

ልጅቷ ሮጣ ሌላ አመጣች። ሁለቱንም ገዝተው ወጡ፤ ምግቡን በእጃቸው በልተው።

እኔ ትል ነው የምጠቀመው። ትል አምባዛ የሚባለውን ዓሣ ይጠራል፤ አምባዛ ስይዝ ደግሞ ጋሽ ቸሩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኩራት ነው ብዬ ስቄባቸዋለሁ። ነገሩ የገባኝ ጋሽ ኻሚስ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ነው።

ጋሽ ኻሚስ የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ናቸው፤ የመንጌ ወረዳ ተወላጅ፣ ከበርታ ብሔረሰብ፣ ሙስሊም። ጋሽ ቸሩ በሰፈራው ዘመን በአባታቸው ጫንቃ ላይ ሆነው ከወሎ የመጡ ክርስቲያን ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው። ምሳ ሽሮ ሲሆን ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ድግስ ሲሆን ግን እንደ ደንቡ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱ በሙስሊም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ። ሁለት ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱም ወደየጠረጴዛው ይሄዳል። ማንም ቅር አይለውም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

የሽኝቱ ኮሚቴ ስለ ሁለቱ በጎች ሲነጋገር ጋሽ ቸሩ ብድግ አሉ።

«በግ አይገዛም! ዓሣ ነው። ዓሣ አራጅ አይፈልግም። አንድ ትሪ!»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሰውዬው ዓሣ ይዘው ያየ ሰው አልነበረማ።

«እኔና ኻሚስ በሽሮ ቀን አንድ ነን፣ በደስታ ቀን ሁለት። ሳይሄድብኝ አንድ የደስታ ቀን አብሬው ልብላ» አሉ።

ለካ አምባዛው ያስጠላቸው ለዚህ ኖሯል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ከክርስቲያኖቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይቀምሱም። አምባዛ ከቀረበ ትሪው ተመልሶ ሁለት ይሆናል። ባለቅርፊቱ ቢልጫ በዳቡስ የሚያዘው፣ በሊቀ ማንኪያ አስተምህሮ መሠረት፣ በማንኪያ ብቻ ነው። ከገበያ እንዳንገዛ ያን ሰሞን የወጣው የደረቀ አምባዛ ብቻ ነበር።

የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ሩሐማ ጨካኝ አይደለችም፤ ግን ሠላሳ ሰው ጾሙን ሊያድርባት ነው። «ጋሽ ቸሩ፣ ቅዳሜ እስከ አምስት ሰዓት ያዝን ብለው ካልደወሉልኝ በጎቹ ይታረዳሉ» አለች።

ጋሽ ኻሚስ ሳቁ፤ እንደ ልማዳቸው በዐረብኛው «ያ» ጠርተዋቸው በበርታ አማርኛቸው መለሱ። «ያ ቸሩ! አንተ ዓሣ እስኪይዝ ከሆነ፣ ወላሂ እኔ ሌላ ሃያ ዓመት ይሠራል።»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ዳቡስ ደረስን። የሌሊቱ ዝናብ ውሃውን አደፍርሶታል። «ቢጫ!» አሉ። ቢጫው ምንም አላመጣም። ቀዩ ምንም። የጥፍር ቀለሙ ምንም። እኔ በትሌ ሁለት ወፋፍራም አምባዛ ይዤ ነበር፤ አራት ሰዓት ሲሆን አላስቻለኝም።

«ጋሽ ቸሩ፣ ተቆራርጦ ከተጠበሰ እኮ ማንም አይለየውም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ የማታልለው ዓሣ ብቻ ነው» አሉና ለሃያኛ ጊዜ ማንኪያ ለመቀየር ዞሩ። ሲዞሩ ክርናቸው ቆርቆሮውን ነካው። ቆርቆሮው በጭቃው ላይ ተንሸራቶ ዳቡስ ገባ፤ አርባ ማንኪያ፣ የሃያ ዓመት ጥበብ፣ ጥልቅ! በእጃቸው የቀረው ከማንኪያው ገና የፈቱት አንድ መንጠቆ ከነክሩ ነበር።

ጋሽ ቸሩ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ሳልስቅ የቀረሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። የቁርሳችንን ምሳ ዕቃ ከፈትኩና ሽሮ የበላንበትን ስስ ማንኪያ ሰጠኋቸው።

«ይሄማ አያብረቀርቅም፤ ሽሮ ነው» አሉ።

«ዓሣው ሽሮ ይወድ ይሆናል። ይብሱት!»

በሚስማርና በድንጋይ በሳነው። እጀታውን ቆልምመን ሰበርነው። ጋሽ ቸሩ ወረወሩ፤ ክንዳቸው ዝሎ ስለነበር እንደ ወትሮው አላጣደፉትም፤ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ሳቡት። ክሩ ቀጥ አለ!

«ሰራዊት! ሰራዊት! ያዘኝ!»

«ማን ነው የያዘዎት?»

«ዓሣው ነዋ!»

ክሩ መዳፋቸውን ሰነጠቀው፤ አልለቀቁም። እኔ ከኋላ ቀበቷቸውን ይዤ እየጮህኩ ነው፤ ምን እያልኩ እንደነበር አላውቅም። ቢልጫ ነው! የክንድ ያህል፣ ቅርፊቱ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ቢልጫ! ዓሣውን ሳሙት። እኔንም ሳሙኝ። ከዚያ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ዝግታ፣ ሁለት ደገሙ። አምስት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ስልኬን ነጥቀውኝ፣ «ሩሐማ፣ በጎቹን ፍቺያቸው!» ብለው ጮኹ። አምባዛዎቼን እኔው ራሴ ወደ ውሃው መለስኳቸው።

የክበባችን ወጥ ሠሪ ቤዚ ሦስት ቢልጫ ለሠላሳ ሰው እንዴት እንዳብቃቃች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ለእያንዳንዱ የአውራ ጣት ያህል ደረሰው። ግን አንድ ትሪ ነበር። ወንበር አልበቃ ብሎ ቆመን፣ ተጋፍተን፣ እጅ ለእጅ እየተጋጨን በላን።

ጋሽ ቸሩ ስለ ድፍርስ ውሃና ስለ ሽሮ ሚስጥር ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ኻሚስ ትልቅ ጉርሻ ከተቱባቸው። ጋሽ ቸሩ እያኘኩ እንባቸው ወረደ፤ ሊሸሽጉትም አልሞከሩም።

«ያ ቸሩ፣ እኔ እንግዲህ ሥራ የለም» አሉ ጋሽ ኻሚስ፣ ጣታቸውን እየላሱ። «ዳቡስ መቼ ነው ይሄዳል?»

ሊቀ ማንኪያ አፋቸው ሙሉ ነበር።

«የሚመጣው ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት በርዎ ላይ ነን» ያልኩት እኔ ነኝ። «ትልም ይዤ አልመጣም።»